አርቪል የነቀለው ሽቦ

የላይኛው ጥግ ሣር ሁልጊዜ በዝግታ ነው የሚታጨደው። አርቪል ስቲደም እዚያ ሲደርስ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ የማጨጃውን ስለት ከመሬት ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያም ከመቀመጫው ላይ አንገቱን አስግጎ መሬት መሬቱን እያየ ይነዳል። ሣሩ ውስጥ አሥራ አንድ ድንጋዮች አሉ። ከታች ከወንዙ የመጡ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ናቸው፤ ትልቁ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ለማያውቅ ሰው ተራ ድንጋዮች ናቸው። አርቪል ግን ከእያንዳንዱ ሥር ሕፃን እንደተቀበረ ያውቃል።

ያሳየችው እናቱ ናት። ወደዚህ የኬንታኪ ሸለቆ ተድራ ስትመጣ አሥሩ ድንጋዮች እዚያ ነበሩ። የከሰል ማዕድኑ በተከፈተ ሰሞን ትክትክ ገብቶ የጨረሳቸው ልጆች ናቸው ብለው ነገሯት። ሐውልት ማስቀረጽ ያልቻሉ ወላጆች ከወንዙ ድንጋይ ተሸክመው ወጥተው በራስጌያቸው አኖሩላቸው። ኋላ ወላጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ኦሃዮ ተበተኑ፤ የልጆቹን ስም የሚያውቅ አልቀረም። አሥራ አንደኛውን ድንጋይ ያኖረችው እናቱ ራሷ ናት። ከአርቪል በፊት ወልዳው ዘጠኝ ቀን ብቻ ለኖረው ልጇ።

አርቪል ራሱ እስኪዘጋ ድረስ ማዕድን ቤት ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ የሰዎችን የሣር ማጨጃና የእንጨት መጋዝ ይጠግናል። የኮረብታውን መቃብር ሣር ማጨድ የጀመረውም ያኔ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አልከፈለውም። አንድ ቀን አጨደ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አጨደ፣ እንደዚያው ቀረ። ሚስቱ ቬርና ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ እሷም ታችኛው ረድፍ ላይ ናት።

በዚያ ዓመት ግንቦት ሲጋመስ የቬርና እህት ኦፓል ደወለችለት። የመቃብሩ ማኅበር ሊቀመንበር እሷ ናት።

«አርቪል፣ እየሰማኸኝ ነው? ያ የሣር አጫጆች ድርጅት ደብዳቤ ልኳል። መቃብር በምናስጌጥበት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ድምፅ እንስጥበት እያሉ ነው።»

«ምን ይላል ደብዳቤው?»

«በየሁለት ሳምንቱ እየመጣን እናጭዳለን ይላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይነሳል ይላል። ማሰሮ፣ አሻንጉሊት፣ ድንጋይ። ማሽናቸውን እንዳይሰብርባቸው።»

«ድንጋይ?»

«ድንጋይ ይላል፤ እኔ ምን ላድርግ? ስማኝ፣ እሑድ ሲመጡ ኮረብታው እንደ ወትሮው ጸድቶ ከጠበቃቸው ማንም አፉን አይከፍትም። ካልሆነ ግን… ሰባ አራት ዓመትህ ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

አርቪል ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ነበር። ሣሩ ጉልበት ደርሷል።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ማጨጃውን በተጎታች ጭኖ ወጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስለቱ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም፣ ድምፁም አልተለወጠም፤ ብቻ ከሥሩ ይወጣ የነበረው የሣር ብናኝ ቀረ። ስለቱን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ይዞ የሚቆየው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሲዳከም ይለቀዋል። ሞተሩ ግን አንዴ ከተነሣ ባትሪ አያስፈልገውም፤ እሳቱን ከራሱ ያወጣል። አርቪል ይህን ለስንት ሰው አስረድቷል። «ማሽንህ ደህና ነው፤ ባትሪህ የሚሞላው አጥቶ ነው» እያለ።

ወደ ቤት መልሶ ባትሪውን ቻርጅ አደረገው። ጎረቤቱ ኤስቲል ፕራት እንደ ልማዱ የቡና ኩባያውን ይዞ መጣና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ኤስቲልም የማዕድን ሰው ነበር፤ ሲናገር መሐል መሐል ትንፋሽ ያጥረዋል።

«አንተ፣ ይኼ ነገር ካንተ ቀድሞ ሊሞት ነው መሰል» አለ።

«ያንተው ግን ቀድሞ ሞቷል።» የኤስቲል ማጨጃ ባለፈው መኸር ቁልቁል ተንከባሎ ወንዝ ገብቷል።

«የእኔ አልሞተም፣ ተጠመቀ» አለ ኤስቲል። «ባትሪው ነው። ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት።»

«በቃ፣ ባትሪው ነው።»

«ዲናሞውም ሊሆን ይችላል።»

ኤሌክትሪክ የሚለካበት ቴስተር መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከክንዱ ርቀት። የሌላ ሰው ማጨጃ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን ያወጣ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ይለካል፣ ሞተሩን አስነሥቶ እንደገና ይለካል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ግን ማሽኑ የራሱ ነው፣ ኤስቲል እያወራ ነው፣ ልቡም እሑድ ላይ ነው። እጁ ቀደመው። ሞተሩን አስነሣ፣ መብራቱን አበራ፣ ጉልበቱን እስከ ላይ ከፈተ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ።

አባቱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። የአባቱ ትራክተር እሳቱን ከባትሪ ነበር የሚያገኘው። ሽቦው ሲነቀል ዲናሞው ከሠራ ትራክተሩ መሄዱን ይቀጥላል፣ ካልሠራ እዚያው ቀጥ ይላል። በሸለቆው ያለ ወንድ ሁሉ ዲናሞ የሚፈትነው በዚህ ነበር።

የማጨጃው ሞተር ቀጠለ። ሁለቱ የፊት መብራቶች ግን እንደ ቀትር ፀሐይ ነጡ፣ ከዚያም ጠፉ።

«አምፖሎችህ ተቃጠሉ» አለ ኤስቲል።

«ጉልበቱን አየኸው?» አርቪል ሽቦውን መልሶ እያሰረ ሳቀ። «ዲናሞው ጎበዝ ነው። እውነትህን ነው፣ ባትሪው ነው።»

«እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ? አንዴ ብቻ፣ ሳገባ።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ሳምንት አርቪል ከልቡ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዘነበ። ረቡዕ አዲስ ባትሪ አስገብቶ ወጣ። ስለቱ በሚያምር ድምፅ ዞረ፣ የረጠበው ሣር በጎን በኩል ተፈናጠረ፣ ታችኛውን ረድፍ አለፈ፣ ቬርናን አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈው። በልቡ ቀኖቹን ከፋፈለ፤ ዛሬ ታችኛው፣ ነገ የምዕራቡ ጎን፣ አርብ ላይኛው ጥግ፣ ቅዳሜ በእጅ የሚስተካከለው። እንዲህ እያሰበ ሳለ የሣሩ ብናኝ ቀጥ አለ።

ባትሪው አዲስ ነው። አርቪል ሰባራ መቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ስለቱ ጎንበስ ብሎ አየ። ሞተሩ ከሥሩ ይጮሃል። ያኔ ነው አምፖሎቹ ትዝ ያሉት።

ሐሙስ ጠዋት ቴስተሩን አወጣ። ኤስቲል ባልዲው ላይ ተቀምጧል።

ሞተሩ እንደጠፋ ባትሪውን ለካ፤ አሥራ ሁለት ቮልት ከሰባት። ጥሩ ነው፣ ሌሊቱን ሲሞላ ነው ያደረው። ሞተሩን አስነሥቶ እስከ ላይ ከፈተውና እንደገና ለካ። ዲናሞው የሚሞላ ቢሆን ወደ አሥራ አራት መውጣት ነበረበት። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ከአምስት አለ፣ ከዚያ ከአራት አለ፣ ከዚያ ከሦስት አለ።

«እየወረደ ነው» አለ ኤስቲል።

«አየሁት።»

ከሞተሩ ውስጥ የሚወጡትን ሁለት ቢጫ ሽቦዎች ከሬጉሌተሩ ላይ አላቀቀ። ሬጉሌተሩ ከዲናሞው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አስተካክሎ ለባትሪው የሚያቀብል፣ እጅ የማይሞላ የብረት ሳጥን ነው። የቴስተሩን መምረጫ ወደ ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ አዙሮ ቢጫዎቹን ለካ። ሠላሳ ሁለት። ዲናሞው ደህና ነው፤ ኃይሉ ይመጣል፣ ግን አያልፍም።

ከዚያ ሬጉሌተሩ ከማሽኑ አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈታ። ሬጉሌተሩ ማሳ የሚያገኘው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በማሽኑ አካል በኩል የሚመለሰው፣ በዚያ ብሎን ነው። ከሥሩ ዝገት እንደ ቅርፊት ተነሣ። አርቪል ዝገቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ጥፋቱ መጀመሪያ ይኼ ብቻ ነበር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። በሽቦ ብሩሽ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ብሩሹን አንሥቶ ብረቱ እስኪያበራ ፈተገው፣ መልሶ አሰረው፣ ሞተሩን አስነሣ። አሥራ ሁለት ከሦስት። ከሁለት።

«አልገባኝም» አለ ኤስቲል። «ጠርገኸው የለም?»

«ሬጉሌተሩ ሰኞ ዕለት ደህና ነበር» አለ አርቪል። «አምፖሎቹ የነጡት ስለሚሞላ ነው። የማይሞላ ቢሆን ሽቦውን ስነቅል መብራቱ ይጠፋ ነበር እንጂ አይነጣም። ባትሪውን ሳነሣበት ኃይሉ መሄጃ አጣ። አምፖሉንም ሳጥኑንም አቃጠለው።»

«አባትህም እኮ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። የእኔም አባት።»

«የአባቴ ትራክተር ውስጥ ይኼ ሳጥን የለም።» ቴስተሩን አጥፍቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ደግሞ ይኼ ሞተር ባትሪ ኖረም አልኖረም ይሄዳል። ሽቦውን መንቀሌ ምንም አይነግረኝም ነበር። ምንም።»

ኤስቲል ወደ ኩባያው ውስጥ ተመለከተ። «ባትሪው ነው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«የነቀልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ዕቃውን ከተማ ላለው መለዋወጫ ሱቅ ደውሎ አዘዘ። ልጅቷ ከሌላ ከተማ እንደሚመጣ፣ ሰኞ በዓል ስለሆነ ማክሰኞ እንደሚደርስ ነገረችው። «ቀደም ሊል አይችልም?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ሁለት ጊዜም በትሕትና አይችልም አለችው።

አርብ ሁለቱን ባትሪዎች እየተካ አጨደ። አዲሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አገለገለው፣ አሮጌው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። አውርዶ እስኪሞላ ጠበቀ፣ መልሶ ወጣ። የምዕራቡ ጎን ግማሹ ሳይደርስ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ቅዳሜን ሙሉ ሳያባራ ዋለ። እርጥብ ዳገት ላይ ማጨጃ የነዳ ሰው መጨረሻው የኤስቲል ማሽን የገባበት ወንዝ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በእጅ የምትገፋውን ትንሿን ማጨጃ ይዞ ወጣ። የረጠበው ሣር በየሦስት እርምጃው ይወትፋታል። አገላብጦ በእንጨት ይጠርጋል፣ ይገፋል፣ ይጠርጋል። ዳሌው እንቢ ሲለው የሆነ ሰው ሐውልት ተደግፎ ቆመ። ላይኛው ጥግ ከቆመበት ይታየዋል። ድንጋዮቹ አይታዩም።

እሑድ ፀሐይ ወጣ። ሰዎች ከኦሃዮ፣ ከኢንዲያና፣ ከሌክሲንግተን መጡ፤ በየመኪናው ኋላ የፕላስቲክ አበባ ሞልቷል። ግማሹ ኮረብታ ታጭዶ ግማሹ እንደ ጫካ ቆሟል። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወደ ምዕራቡ ጎን ገብታ፣ ጫማዋ በስብሶ፣ አበባውን እንደያዘች ተመለሰች። «አያቴን አጣኋት» አለች፣ እየሳቀችም እያፈረችም።

መቃብሩ አጠገብ ካለው መጠለያ ሥር ምሳ ተዘረጋ። የተጠበሰ ዶሮ፣ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ የሙዝ ጣፋጭ። ሰው ሁሉ የአርቪልን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ስለ ሣሩ ማንም አላነሣበትም፤ እሱም ቂጣውን እየፈረፈረ ከመብላት ይልቅ ሲያየው ቆየ።

ኦፓል ደብዳቤውን አነበበች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አርቪል፣ የምትለው አለህ?»

ቆመ። ሦስት ቀን ሲያዘጋጀው የነበረ ንግግር ነበረው፤ ሲቆም ግን አንዱም አልመጣለትም።

«ማሽኑ አይደለም» አለ። «ማሽኑ ትንሽ ነገር ነበር የያዘው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሽቦ ነቀልኩ። ማክሰኞ ዕቃው ይመጣል፣ በሚቀጥለው እሑድ አጽድቼ እጨርሰዋለሁ።»

«ማንም ጥፋተኛ ነህ አላለህም» አለች ኦፓል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደክሞሃል ነው ያልነው።»

«ላይኛው ጥግ ድንጋዮች አሉ። የልጆች ናቸው። እነሱ እንዳይነሡ ነው የምለው።»

ከወደ ኋላ ከኢንዲያና የመጣ ሰውዬ ተናገረ፣ በክፋት አልነበረም። «የማን ልጆች ናቸው፣ አጎቴ? ስማቸውን ከነገርከን ድርጅቱ ትንሽ ምልክት ያደርግላቸዋል።»

አርቪል አፉን ከፈተ። «ስማቸውን አላውቅም።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ። አንዱ የእናቴ ነው። እሱም ስም አልወጣለትም ነበር።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ማዘኑም ይመስላል፣ መጠራጠሩም። ኦፓል በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ውስጥ የተጻፈ ነገር እንዳለ ጠየቀች። ቤተ ክርስቲያኑ ከነመዝገቡ ተቃጥሏል፤ እሷም ታውቃለች፣ መጠየቅ ስላለባት ነው የጠየቀችው። ድርጅቱ ይምጣ የሚሉ እጅ አወጡ። ኤስቲል ከአርቪል ጎን እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳጠፈ ቀረ። ሌሎች ሦስትም አላወጡም። የቀረው አወጣ።

መኪናው ጋ ኦፓል ደረሰችበት። «አነጋግራቸዋለሁ፣ ስለ ድንጋዮቹ። እደውልላቸዋለሁ» አለችው። ሰኞ በዓል ነበር። ማክሰኞ ደወለች፣ የስልክ መልእክት መቀበያው መለሰላት፣ መልእክቷን ተወች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሬጉሌተሩ በፖስታ መኪናው ደረሰ። አርቪል ገጠመው፣ ማሳውን ሁለት ጊዜ ፈተሸ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ለካ። አሥራ አራት ከሁለት። ለኤስቲል አላሳየውም፤ ቁጥሩን አየና አጠፋው። ላይኛውን ጥግ ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እኔ ካጨድኩት የሚነካው አይኖርም ብሎ አሰበ። አጭር ሣር ላይ ድንጋዮቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ሰውም ያያቸዋል፣ ይጠይቃል። ረቡዕ ማለዳ ጭኖ ወጣ።

ነጭ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆሟል። የምዕራቡ ጎን ታጭዷል። ላይኛው ጥግም ታጭዷል፣ ከዚያም አልፎ አፈሩ በመደልደያ ተስተካክሏል። ከአጥሩ ሥር ድንጋዮቹ ተቆልለዋል፤ ተጠንቅቆ የቆለላቸው ሰው ነው፣ ትልልቆቹ ከሥር፣ ትንንሾቹ ከላይ።

የድርጅቱ ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ ሸሚዟ ላይ ካሲ የሚል ተጽፏል። ማሽኗን አጥፍታ የጆሮ መከላከያዋን አወረደች።

«ደህና አደሩ፣ አባቴ። የጠፋብዎ ነገር አለ?»

«እነዚያ ከየት ከየት ነው የተነሡት?»

«ከዚህ ከጥጉ። ጉድጓዶቹ ሰው እንዳያሰናክሉ በአፈር ሞላናቸው፣ ዘርም በተንንባቸው። በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ይሆናል፣ አይታወቅም።»

«አይታወቅም» አለ አርቪል።

ወደ ጥጉ መሐል ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይኑ የተከተለው ድንጋዮቹን ነበር እንጂ ቦታውን አልነበረም። አሁን የሚከተለው ነገር የለም። «እዚህ ነበር» ያለው ቦታ ሁለት እርምጃ ሲርቁ ሌላ ቦታ ይሆናል። ሁሉም አንድ ዓይነት አፈርና የተቆረጠ ሣር ነው።

ካሲ ተከትላው መጣች። «የሰው መቃብር ነበሩ?» አለች። ፊቷ ተለወጠ። «ማንም አልነገረንም እኮ፣ አባቴ። ምንም አልተጻፈባቸውም።»

«አልተጻፈባቸውም» አለ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ተመልሶ ክምሩ አጠገብ ተንበረከከ፣ አንድ በአንድ አገላበጠ። አንደኛው ላይ ነጭ መስመር በአግድም ያልፋል። ይህን ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ቀን የኖረው የወንድሙ ድንጋይ ነው፤ ቦታውንም እናቱ ከአጥሩ ማዕዘን ግንድ ጀምራ ሰባት እርምጃ እየቆጠረች አሳይታዋለች። ይዞት ተነሣ። ከግንዱ ሰባት እርምጃ ቆጠረ። የእናቱ እርምጃ ከእሱ እንደሚያጥር ትዝ ሲለው ተመልሶ በአጫጭሩ ቆጠረ። ድንጋዩን አኖረው፣ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው።

«እዚያ ሊቀመጥ አይችልም» አለች ካሲ። «ማለቴ፣ እኔ አይደለሁም የምከለክለው። የድርጅቱ ሕግ ነው።»

አርቪል ወደ ክምሩ ዞረ። አሥሩ ድንጋዮች ከአጥሩ ሥር ነበሩ፤ የእነሱን ቦታ በእርምጃ የቆጠረለት የለም። የሚመልስበት መንገድ ባገኝ ብሎ አያቸው፣ አላገኘም።

ካሲ ጓንቷን አውልቃ መልሳ አጠለቀች። «ዛሬ እዞረዋለሁ» አለች። «በሚቀጥለው ግን የምመጣው እኔ ላልሆን እችላለሁ።»

«እሺ።»

ማሽኗን አስነሥታ የቀረውን ለማስተካከል በዝግታ መጣች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ በሰፊው ዞረችው። ከዙሪያው የተወችው ክብ ሰፊ ነበር፤ እሱ ከዚያ አጥብቦ ያጭደው ነበር። አርቪል አንዴ እስክትዞር ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ፣ ማጨጃውን ሳያወርድ ቁልቁል ነዳ።